ለገሠ ዝም የሚልበት ቦታ

፩

ድሬዳዋ ውስጥ ኮት የሚያስቀምጥ ሰው የለም።

ሆቴሉን ያሠራው ፈረንጅ ግን ኮት ክፍል አሠራ። በአገሩ ያለዚያ ሆቴል አይባልም መሰል። ሃምሳ መስቀያ፣ ከአንድ እስከ ሃምሳ የተቆጠሩ ክብ የነሐስ ቁጥሮች፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ እልፍነሽ። በአራት ዓመት ውስጥ የተረከበችው ኮት ሁለት ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ የወረደ፣ የቆላን ሙቀት በወሬ እንኳ ያልሰማ የአንድ ሰውዬ ነበር። ሁለተኛውም የእሱ ነው። በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ አልተማረም።

፪

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እልፍነሽ ቆብ ስላልነበራት አዳመጠች።

ኮት ክፍሉን ከዳንስ አዳራሹ የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሆቴሉ ባንድ ጃዝ ይጫወታል፤ አራት ወንዶች። ሳክስፎን የሚነፋው ለገሠ ነው፤ የአርባ ዓመት ሰው፣ ቀድሞ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የነበረ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ። ሥራ ሲጨርስ ሳክስፎኑን ከነሳጥኑ እልፍነሽ ጋ ያስቀምጣል። ቁጥር አሥራ ሰባት ይሰጠዋል።

ልብ በሉ፤ እልፍነሽ ለገሠን ሰማችው እንጂ ሲነፋ አይታው አታውቅም። ጣውላ ነው የነበረው በመካከላቸው።

፫

የኮት ክፍል ደንብ (ግድግዳው ላይ የተለጠፈ)

አንደኛ፦ ያለ ቁጥር ዕቃ አይወጣም።
ሁለተኛ፦ ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው ዕቃው ወዲያው ይሰጠዋል።
ሦስተኛ፦ ሠራተኛዋ በአደራ የተቀመጠ ኮት አትለብስም።

ስለ ሳክስፎን የተባለ ነገር የለም። እልፍነሽ ሦስት ጊዜ አንብባ አረጋግጣለች።

፬

ሐምሌ ፲፱፻፷፱ ጦርነቱ ወደ ድሬዳዋ ተጠጋ። የክተት ጥሪው ባንዱን በአንድ ሳምንት ጨረሰው።

ፒያኖ፦ ዘመተ።
ቤዝ፦ ዘመተ።
ድራም፦ ዘመተ።
ሳክስፎን፦ ዘመተ።

ለገሠ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሳጥኑን ይዞ ወደ ኮት ክፍሉ መጣ። ቁጥሩን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አየር እንዲያገኝ አልፎ አልፎ ክፈቺው» አለ።

«እሺ ጋሼ።»

ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰ።

«መክፈት ነው ያልኩሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

፭

ለሳክስፎን አየር የማስገኛ መመሪያ

ሳጥኑን ትከፍታላችሁ። በሩን ትዘጋላችሁ። ማንም እንደሌለ ታረጋግጣላችሁ፤ ኮት ክፍል ስለሆነ ማንም የለም። አንገቱን ከገላው ታጋጥማላችሁ፣ ቀጭኗን የሸምበቆ ምላስ በምራቅ ታርሳላችሁ፣ ከአፉ ጋር ታስሯታላችሁ። አየር ሲባል የደጅ አየር ብቻ ሳይሆን የሳንባም አየር አየር ነው። ትነፋላችሁ።

የሚወጣው ድምፅ የታረደ በግ ድምፅ ነው። አትፍሩ። ለአሥራ አንድ ቀን እንዲያ ነው የሚሆነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አራት ዓመት ጆሯችሁ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ ጣታችሁን ፈልጎ ይመጣል። ያኔ ወንበር ያዙ፤ እልፍነሽ ስላልያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

፮

ነሐሴ ላይ ከተማው ተደበደበ፣ ተከበበ፣ አልተያዘም። ጳጉሜን ላይ ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ሕዝቡ እንዲረጋጋ፣ ቁስለኛውም እንዲጽናና ሆቴሉ የዳንስ ፕሮግራሙን ይቀጥል፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሁን ይላል። ባንድ እንደሌለ ለጻፉት ሰዎች የነገራቸው የለም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና የተገኘው ተሰበሰበ።

ፒያኖ ላይ ማዳም አራክሲ ተቀመጡ። ከዚራ ሰፈር ተወልደው ያደጉ አርመን ናቸው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ፒያኖ የሚማርላቸው፣ አንድም ልጅ ግን የማይለማመድላቸው።

ድራም ፈትያ። ሐረር ውስጥ የሷ ከበሮ ያልተመታበት ሠርግ ሠርግ አልነበረም።

ቤዝ ዘነበች። የዘማቹ ቤዝ ተጫዋች እኅት ናት፤ ወንድሟ ቤት ውስጥ ሲለማመድ «ዝም በል!» እያለች ስትጮህበት ኖራ፣ ለካ ሁሉንም ይዛዋለች።

ሳክስፎን የለም ተባለ።

እልፍነሽ በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «ሳክስፎንስ አለ» አለች።

፯







፰

ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። «የማክሰኞ ባቡር» ከሚባለው ዜማ የተወሰደ ነው።

ዜማው የለገሠ ነው። ሲነፋው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ ሊደርስ ሲል ቀጥ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዘሎት አያውቅም። እልፍነሽ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህንን ቦታ ነው። ሰው መናገር እየቻለ ዝም ሲል ታላቅነት መሰላት። ስለዚህ ባንዱን በሙሉ አስተማረችው።

«ይሄ እኮ ኖታው ላይ የለም» አሉ ማዳም አራክሲ።

«ጋሼ ለገሠ ግን እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።»

«በቃ፣ ዝም እንላለን አቦ።»

፱

የኪነት ኮሚቴ የዜማ ማስፈቀጃ ቅጽ

የዜማው ርእስ፦ የማክሰኞ ባቡር
የግጥሙ ደራሲ፦ የለም
ግጥሙ (በሦስት ኮፒ ይያያዝ)፦ የለውም*
ግጥሙ ለትግሉ የሚሰጠው ጥቅም፦ ከላይ ይመልከቱ

* ሦስት ባዶ ወረቀት ተያይዟል።

፲

በቅጹ ላይ የተደረገ ውይይት። የተገኙት፦ አራቱ ሴቶችና የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ደምሰው፤ ቀድሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ።

ደምሰው፦ ግጥም የለውም ማለት ምን ማለት ነው?
እልፍነሽ፦ ቃል የለውም።
ደምሰው፦ ታዲያ ምን እንደሚል በምን ይታወቃል?
አራክሲ፦ ሲሰሙት ነዋ።
ደምሰው፦ ሰማሁት እኮ። ዛሬ የነፋሽው ከትናንቱ ጋር አንድ አይደለም።
እልፍነሽ፦ አዎ ጓድ፤ ጃዝ ነው።
ደምሰው፦ የነገውስ?
እልፍነሽ፦ ነገ ገና ነው።
ደምሰው፦ የማይለወጥ ነገር የለውም?
እልፍነሽ፦ አለው። አራት ምት ዝም የምንልበት።
ደምሰው፦ እሱን አስተውያለሁ። ለምንድን ነው ዝም የምትሉት?

(እልፍነሽ ወደ ፈትያ ዞረች።)

ፈትያ፦ ለተሰዉት ነው። የኅሊና ጸሎት።

ጓድ ደምሰው ብዕሩን አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ።

ፈቀደ።

፲፩

ወሬው ከቀፊራ ገበያ እስከ ባቡር ጣቢያው ተዳረሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ይሞላል፤ ክራንች የያዙ ወታደሮች፣ ነርሶች፣ ሥራ የፈቱ የባቡር ሠራተኞች። ሦስተኛው ዙር ላይ ባንዱ ዝም ሲል ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሣል። ችግሩ አራት ምት አጭር መሆኑ ነው። ቀጫጮቹ ተነሥተው ሲቀመጡ ወፍራሞቹ ገና እየተነሡ ነበር። ባለ ክራንቾቹማ ጭራሽ አልደረሱም። ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ የኅሊና ጸሎቱ ወደ አሥራ ስድስት ምት ከፍ እንዲል በደብዳቤ አዘዘ። በዓለም ላይ የጃዝ ዝምታ በደብዳቤ የረዘመበት ሌላ ከተማ መኖሩን የዚህ ታሪክ ጸሐፊ አላጣራም።

ባቡሩ ከተቋረጠ ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር የለም። እልፍነሽ የመጨረሻዋን የሸምበቆ ምላስ በጢም ምላጭ እየፋቀች ስድስት ሳምንት ነፋችባት።

ኅዳር ላይ የዘነበች ወንድም መሞቱ ተሰማ። ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ቤዙን ይዛ መጣች። በዚያ ቅዳሜ አሥራ ስድስቱን ምት የቆጠረችው ፈትያ ስትሆን ሃያ ስድስት አደረገችው። ለስሕተቱም ይቅርታ አልጠየቀችም።

በዚህ ሁሉ መካከል እልፍነሽ ደስተኛ ነበረች። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ሰው እየሞተ ደስ መሰኘት ነውር መሆኑን ስለምታውቅ ደስታዋን እንደ ሌባ ዕቃ ደብቃ ያዘችው።

፲፪

ግን።

፲፫

እልፍነሽ ለገሠ እንዲሞት አልፈለገችም።

እንዲመለስም አልፈለገችም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሰው የሚቆምበት ቦታ ይኑር አይኑር አላሰበችበትም፤ ማለትም፣ አስባበታለች፣ አልወደደችውም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ስለ እሱ ትጸልያለች።

«ጠብቀው» ትላለች።

ትንሽ ቆይታ፣ «እዚያው ጠብቀው» ትላለች።

፲፬

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከዳንሱ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ሰው ኮት ክፍሉ መስኮት ላይ የነሐስ ቁጥር አስቀመጠ።

«አሥራ ሰባት» አለ።

ለገሠ ነው። በወባ ተይዞ የአሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል። ከስቷል፤ አንገቱ ለኮሌታው አልበቃ ብሏል። እልፍነሽ ተነሥታ በመስኮቱ ተንጠራርታ ሳመችው፣ አለቀሰችም። ልቅሶዋ የደስታ ነው፣ እውነተኛ ደስታ። ሌላም ነገር ነበረበት፣ እሱም እውነተኛ ነው።

ደንብ ሁለት ግድግዳው ላይ አለ። ሳጥኑን አወጣች። ለገሠ ከፈተው፣ ቁልፎቹን በጣቱ ዳበሳቸው፣ የተፋቀችውን ምላስ በብርሃን አያት።

«አየር አግኝቷል» አለ።

«አግኝቷል ጋሼ።»

፲፭

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለገሠ መድረክ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበለት፣ ሴቶች እልል አሉ። እልፍነሽ ኮት ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጣውላው ሰማች፤ ልክ እንደ ድሮው።

«የማክሰኞ ባቡር»። አንደኛ ዙር። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛው ዙር ላይ ዜማው ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊደርስ ሲል፣

ፒያኖ ቀጥ አለ።
ቤዝ ቀጥ አለ።
ድራም ቀጥ አለ።
ሦስት መቶ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ።

ለገሠ ቀጠለ።

ዐይኑን ጨፍኖ ስለሚነፋ ምንም አላየም። ለተሰዉት በቆመው ሕዝብ ፊት፣ ኮፍያውን በእጁ በያዘው ጓድ ደምሰው ፊት፣ ብቻውን፣ እያሳመረ፣ አሥራ ስድስት ምት ሙሉ ነፋ። ባንዱ ሲገባ እሱ ሌላ ቦታ ደርሶ ነበር። የተፈጠረውን ድምፅ ለመጻፍ ኖታ አልተሠራም።

፲፮

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ለገሠ፣ ከመድረክ ወርዶ ኮት ክፍሉ ሲገባ። ላብ አጥምቆታል።

«እርስዎ ዝም የሚሉበት ቦታ ነው እኮ ጋሼ።»

«እኔ? መቼ?»

«ሁልጊዜ። ሦስተኛው ዙር ላይ።»

ለገሠ ጣቶቹን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ ዜማውን ሄደበት። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

«ኧረ ባክሽ! እስል ነበር እንጂ!»

«ምን?»

«ሳል! በሲጋራው። እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሽ ያጥረኝና መሀረቤን አፌ ላይ ጭኜ እስላለሁ።»

«አሁንስ?»

«ግንባር ላይ ሲጋራ የለኮሰ ይመታል። ተውኩት። ሳሉም ጠፋ።»

ጦርነቱ ለጤናው ተስማምቶታል። ለገሠ ሣቀ፤ ወንበሩን ይዞ ሣቀ። እልፍነሽ አልሣቀችም። አራት ዓመት የወደደችው፣ ለሦስት ሰዎች ያስተማረችው፣ ከተማ ሙሉ ሕዝብ የሚነሣለት ነገር ሳል ሆኖ ተገኘ። ፊቷን ሲያይ ሣቁን ዋጠው።

«እስቲ አንቺ ንፊው» አለ። «እኔ እዚህ ልቀመጥ።»

ነፋች። ለገሠ በእሷ ወንበር ላይ ሆኖ በጣውላው ሰማ። አሥራ ስድስቱ ምት ሲመጣ እሱም ተነሥቶ እንደሆነ ያየው የለም።

፲፯

በዚያው ሳምንት ከበላይ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ባንዱ በየጦር ሆስፒታሉ እየዞረ ያጫውታል። የተጫዋቾች ብዛት አራት፤ ላንድሮቨሩ የሚይዘው አራት ነውና። በዝርዝሩ የተመዘገበ ከዘመቻ ነፃ ነው። ያልተመዘገበ ዘማች ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ጦር ክፍሉ ይመለሳል። ኮት ክፍሉ ተዘግቶ የአሸዋ ከረጢት ማስቀመጫ ይሁን።

የለገሠ ፈቃድ የሚያልቀው ሰኞ ነው።

፲፰

የተሞከሩ መላዎች

ሁለቱም ይመዝገቡ። (መሣሪያው አንድ፣ መኪናው አራት።)

ለገሠ ይዝፈን። (ዘፈነ። ይቅር ተባለ።)

እልፍነሽ ትዝፈን። (ሳክስፎኑስ? ያው አምስት ሆኑ።)

ዘነበች ትውጣ። (ለገሠ ቤዝ አይችልም። ዘነበችም ይህን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።)

ጓድ ደምሰው ራሱ ይወስን። (ጓድ ደምሰው አሥራ አምስት ዓመት ካርታ ያስተማረ ሰው ነው፤ ድንበር ማስመር አይወድም። «ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ እጅ በማውጣት ይወሰን» አለ።)

፲፱

ቃለ ጉባኤ

እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ የሆቴሉ ዳንስ አዳራሽ። ድምፅ ሰጪዎች አራቱ የባንዱ አባላት። ጓድ ለገሠ በታዛቢነት ከኋላ ተቀምጠዋል።

ደምሰው፦ ለጓድ ለገሠ ድምፅ የምትሰጡ?

(ዘነበች እጇን አወጣች።)

ዘነበች፦ ወንድሜ ሄዶ ቀርቷል። ሌላ ሰው እንዲሄድ እጄን አጥፌ አልቀመጥም።
ደምሰው፦ አስተያየት አልተጠየቀም። ለጓዲት እልፍነሽ ድምፅ የምትሰጡ?

(ማዳም አራክሲ እጃቸውን አወጡ።)

አራክሲ፦ እኔም አስተያየት አለኝ። ለገሠን እወደዋለሁ አቦ፣ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ነኝ። ግን ዛሬ ይቺን ልጅ ካስቀመጥናት ዳግመኛ ማንም «ተነሺ» አይላትም። እኔ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት።
ደምሰው፦ ጓዲት ፈትያ?
ፈትያ፦ እኔ የለሁበትም። የሁለቱንም ዐይን ማየት አልቻልኩም።
ደምሰው፦ ድምፀ ተዓቅቦ። እንግዲህ አንድ ለአንድ ነው። ጓዲት እልፍነሽ፣ አንቺ እጅሽን አላወጣሽም።
እልፍነሽ፦ ለራስ ድምፅ ይሰጣል?
ደምሰው፦ መመሪያው አይከለክልም።

(ጓድ ለገሠ ከኋላ ተነሡ።)

ደምሰው፦ ጓድ ለገሠ፣ ታዛቢ ነዎት።
ለገሠ፦ አውቃለሁ። አንዲት ነገር ብቻ። እልፍነሽ።
እልፍነሽ፦ አቤት ጋሼ።
ለገሠ፦ ከእኔ ትበልጫለሽ። ለማባበል አይደለም፤ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ።
እልፍነሽ፦ ጋሼ፣
ለገሠ፦ ቆይ፣ ልጨርስ። እፈራለሁ። እዚያ መመለስ እፈራለሁ።
ደምሰው፦ ይህ አይጻፍ።

(ተጽፏል።)

ደምሰው፦ ጓዲት እልፍነሽ፣ ድምፅሽ ለማን ነው?
እልፍነሽ፦ (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።)